ያልታመመ ጥጥ ሁሉ በሽታ ይቋቋማል ማለት አይደለም

እንደምን ዋላችሁ። ፊት ለተቀመጣችሁት ሁለት የደረቁ ቅጠሎች ሰጥቻለሁ። እያያችሁ አስተላልፉልኝ፤ ኋላ ላሉትም ይድረሳቸው። ሁለቱም የጥጥ ቅጠሎች ናቸው። ሁለቱም በአንድ ጠዋት፣ በአንድ መርጫ፣ በአንድ ዓይነት ባክቴሪያ ተረጭተዋል። አንደኛው ላይ ጠቆር ያለ ቡናማ ነጠብጣብ ሞልቷል። ልብ ብላችሁ እዩት፤ ነጠብጣቡ ክብ አይደለም። ጥግ ጥግ አለው። በቅጠሉ ደም ሥሮች ተከልሎ ባለአራት፣ ባለአምስት ማዕዘን ሆኗል። በትልቁ ደም ሥር ግራና ቀኝ ደግሞ ጥላሸት በጣት የተቀባ ይመስል መስመር ሠርቶ ወርዷል። ሁለተኛው ቅጠል ላይ ያለው በመርፌ ጫፍ የተነካ የሚመስል ደረቅ ምልክት ብቻ ነው። አንዳንድ ቦታ እሱም የለም።

ዛሬ የማወራችሁ በእነዚህ ሁለት ቅጠሎች መካከል ስላለው ልዩነት ነው። ይህን ልዩነት በትክክል ማየት ከባድ ሥራ ነው። እኔ ራሴ ለማየት ዓመታት ፈጅቶብኛል።

በሽታው ባክቴሪያል ብላይት ይባላል። መስክ ላይ "ብላይት" ብለን ነው የምንጠራው። የሚያመጣው ዛንቶሞናስ ከሚባሉት ባክቴሪያዎች አንዱ ነው። እ.ኤ.አ. በ1901 አሜሪካዊው ኧርዊን ስሚዝ ስም ሰጠው፤ ከዚያ ወዲህ ስሙ ብዙ ጊዜ ተቀያይሯል። ጥጡን በየትኛውም ዕድሜው ያገኘዋል። ሲበቅል የመጀመሪያዎቹን ሁለት ቅጠሎች ይይዛል። ከዚያ ትልልቆቹን ቅጠሎች። ከዚያ ግንድና ቅርንጫፉን፤ ቅርንጫፉ ላይ ረጅም ጥቁር ቁስል ያወጣል። ሱዳን ውስጥ ይሠሩ የነበሩ እንግሊዞች በሽታውን "ጥቁር ክንድ" ያሉት ለዚህ ነው። መጨረሻ ላይ ፍሬው ጋ ይደርሳል። አረንጓዴው ፍሬ ላይ እርጥብ ነጠብጣብ ይወጣል፤ ቆይቶ ይሰረጉዳል፤ ይጠቁራል። ፍሬው ሲከፈት ጥጡ ቢጫ ሆኖ፣ ተጣብቆ ይገኛል። ለቀማ ላይ የነበራችሁ ታውቁታላችሁ፤ ከፍሬው አልላቀቅ ይላል።

ባክቴሪያው የሚጓዘው በውሃ ነው። ነፋስ የቀላቀለ ዝናብ የታመመውን ቅጠል መትቶ ጠብታውን ወደ ጎረቤት ተክል ይረጨዋል። ከዓመት ወደ ዓመት የሚሻገረው ደግሞ በዘር ነው። ተዳምጦ በቀረው የጥጥ ዘር ላይ ያለው አጭር ጸጉር ውስጥ ይደበቃል። አንዳንዴም ከዘሩ ውስጥ ይገባል። ማሳ ላይ የቀረ የደረቀ ቅጠልም ያቆየዋል። ዘሩን በሰልፈሪክ አሲድ አጥቦ ጸጉሩን ማንሳት ብዙ ይረዳል። ውስጥ የገባውን ግን አሲዱ አያገኘውም። አንዴ ማሳ ከያዘ በኋላ ደግሞ እንደ ፈንገስ በሽታ ረጭተህ የምትገላገለው አይደለም። ለዚህ ነው መፍትሔው ሁልጊዜ ወደ ዝርያው የሚመለሰው።

አሁን አንድ ጥፋቴን ልንገራችሁ።

ሥራ በጀመርኩበት ሰሞን ከውጭ የመጡና አገር ውስጥ የነበሩ የጥጥ ዝርያዎችን በአንድ ደረቅ ቆላ ዘራሁ። ውሃው በቦይ የሚገባ መስኖ ነው። ዝናብ አልነበረም ማለት ይቻላል። ተክሉ አማረ። በየሳምንቱ መዝገቤን ይዤ እዞራለሁ፤ ለብላይት የምሰጠው ነጥብ በሙሉ ዜሮ ነው። ደስ አለኝ። ሪፖርቴ ላይ የብዙዎቹን ስም ዘርዝሬ "ተቋቋሚ" ብዬ ጻፍኩ። በዓመቱ ከመካከላቸው አንዱ በዝናብ ለሚያለሙ ገበሬዎች ተሰጠ። ክረምቱ ሲገባ አንድ ትልቅ ሰው ደወሉልኝ። "አንቺ ልጅ፣ ያመጣሽልኝ ጥጥ ጠቆረብኝ እኮ" አሉኝ። ሄድኩ። እውነትም ጠቁሯል። ቅጠሉ ረግፏል፤ ታችኛው ፍሬ በስብሷል። እኚያ አባት አልተቆጡኝም። ከማሳው ዳር ቆመው፣ "እዚያ ሲታይ ደህና ነበር ብለሽኛል። እዚያ ምን ነካው? ማን ነካው?" ብለው ጠየቁኝ።

ማንም አልነካውም ነበር። ያልተነካ ግልግል ያውቃል ይላል ያገራችን ሰው። እኔ የጻፍኩት ስለ ዝርያው አልነበረም፤ ስለ አየሩ ነበር። በሽታው ባልመጣበት ማሳ ሁሉም ጥጥ ጀግና ነው። ከዚያ ቀን ጀምሮ የያዝኩት ነገር ይህ ነው፦ ዝርያን መፈተን ከፈለግን በሽታውን ራሳችን ይዘንለት መሄድ አለብን። መምጣቱንም ማረጋገጥ አለብን።

ይህን ትምህርት እኔ በአንድ ማሳ ነው ያገኘሁት። ጎረቤታችን ሱዳን በአንድ አገር ምርት ዋጋ አግኝታዋለች። እ.ኤ.አ. በ1925 የሰናር ግድብ ተሠርቶ የገዚራ እርሻ ሲጀመር የተዘራው ሳከል የሚባል ረጅም ጭረት፣ ማለትም ረጅም ክር ያለው የግብፅ ጥጥ ነበር። ግብፅ ውስጥ በጥጥ ወቅት ዝናብ ብርቅ ነው። ሳከል እዚያ ከዚህ በሽታ ጋር በወጉ አልተዋወቀም። ገዚራ ላይ ግን ጥጡ ገና ለጋ ሳለ የክረምቱ ዝናብ ያገኘዋል። ጥቁር ክንድ ገባ። ከቅጠል መጠቅለል በሽታ ጋር ተደርቦ በ1930ዎቹ መጀመሪያ ምርቱን ክፉኛ ጣለው።

ያኔ ነው አር. ኤል. ናይት የሚባል ሰው ካርቱም አጠገብ ሻምባት ላይ ሥራ የጀመረው። ኢምፓየር ኮተን ግሮዊንግ ኮርፖሬሽን ለሚባል የእንግሊዝ የጥጥ ድርጅት ይሠራ ነበር። ከየአገሩ ጥጥ እየሰበሰበ ሆን ብሎ በበሽታው ይበክላል፤ ከተበከለው መሃል ጸንቶ የቆመውን ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1939 ከክላውስተን ጋር ሆኖ ሁለት የመቋቋም ጂኖችን አሳወቀ፤ ቢ-1 እና ቢ-2 አሏቸው። ከኡጋንዳ የመጣ ጥጥ ውስጥ ነው ያገኟቸው። ከዚያ ቁጥሩ እየቀጠለ ሄደ። ቢ-2ን ወደ ሳከል ለማስገባት ናይት ያዳቅላል፤ የተዳቀለውን ይበክላል፤ ጸንቶ የቀረውን መልሶ ከሳከል ጋር ያዳቅላል። ትውልድ በትውልድ ላይ። በየትውልዱ ፈተናው ካልተሠራ ጂኑ ሾልኮ ይጠፋል። ተክሉ ሲታይ ሳከል ነው፤ ውስጡ ያለውን የሚናገረው በሽታው ብቻ ነው።

እኔን ሁልጊዜ የሚገርመኝ ቢ-6 የሚባለው ነው። የመጣው ከእስያ ጥጥ ነው። የአሜሪካ ጥጥ ዓለምን ከመሙላቱ በፊት በአፍሪካና በእስያ ይፈተል የነበረው የአሮጌው ዓለም ጥጥ አለ አይደል፣ ከዚያ ወገን ነው። ጭረቱ አጭር ስለሆነ ፋብሪካ አይወደውም። ብላይት ግን እምብዛም አይደፍረውም። ቢ-6 ከቢ-2 ጋር ሲጣመር ከሁለቱም የበለጠ ጠንካራ መከላከያ ሰጠ። ስለዚህ እናንተም በየገጠሩ ስትዞሩ ጓሮ ውስጥ ያረጀ የጥጥ ተክል ካያችሁ ዝም ብላችሁ አትለፉት። ባለቤቶቹን አስፈቅዳችሁ ጥቂት ዘር ውሰዱ። ምን እንደያዘ የሚታወቀው ሲፈተን ነው።

እሺ፣ ፈተናው እንዴት ነው የሚሠራው? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ ሪፖርት የሚበላሸው እዚህ ነውና።

መጀመሪያ ባክቴሪያው። ባለፈው ወቅት የታመመ ቅጠል ሰብስበን ጥላ ላይ እናደርቃለን። ደርቆ በወረቀት ከተቀመጠ ባክቴሪያው ቅጠሉ ውስጥ ለረጅም ጊዜ ይቆያል። ላብራቶሪ ካለ ከቅጠሉ አውጥተን አጋር በሚባል የረጋ ማሳደጊያ ላይ እናሳድገዋለን። ፈዘዝ ያለ ቢጫ፣ የሚያብረቀርቅ፣ ሲነኩት የሚያዳልጥ ሆኖ ያድጋል። ላብራቶሪ ከሌለ ደግሞ የደረቀውን ቅጠል በሙቀጫ ወቅጠን፣ በንጹሕ ውሃ ዘፍዝፈን፣ በሻሽ እናጠላለን። ድሮም እንዲህ ነበር የሚሠራው። ልዩነቱ መጠን ነው። የላብራቶሪው በአንድ ሚሊ ሊትር ወደ አንድ ሚሊዮን ባክቴሪያ እንዲሆን ተደርጎ ይቀጥናል። መጠኑን አለማወቅ ጉዳት አለው። በጣም ከወፈረ ተቋቋሚውም ቅጠል ይቃጠልና ልዩነቱ ይደበዝዛል። በጣም ከቀጠነ ደግሞ ተጋላጩም ያመልጣል።

ቀጥሎ አተካከል። የምንፈትናቸው ዝርያዎች በድግግሞሽ ይዘራሉ። በየጥቂት መስመሩ መካከል በእርግጠኝነት የሚታመም ዝርያ እናስገባለን። ማወዳደሪያችን እሱ ነው። ብዙ አገር አካላ 44 የሚባለውን ይጠቀማሉ። እባካችሁ ይህን መስመር እንደ ትርፍ መሬት አትዩት። አንዳንድ ኃላፊ መጥቶ "ይሄ የታመመ ጥጥ ምን ይሠራል? ንቀሉት" ሊላችሁ ይችላል። አትንቀሉ። ፈተናው ተካሂዷል ወይስ አልተካሄደም የሚለውን የሚነግራችሁ እሱ ብቻ ነው። እሱ ካልታመመ የሌሎቹ ዜሮ ዜሮ አይደለም። ባዶ ወረቀት ነው። መረጃውን ትታችሁ በሚቀጥለው ዓመት ድገሙት። ያመናል፤ ዓመት ይሄዳል፤ በጀት ይሄዳል። ቢሆንም ድገሙት።

ከዚያ ርጭቱ። ተክሉ አምስት ስድስት ሳምንት ሲሞላውና እውነተኛ ቅጠሎቹን ሲያወጣ ነው። በማለዳ እንወጣለን። ጤዛው ገና አልረገፈም። ባክቴሪያው የሚገባው ቅጠሉ በሚተነፍስባቸው ቀዳዳዎች በኩል ነው፤ ቀዳዳዎቹ ደግሞ የሚበዙት ከቅጠሉ ሥር ነው። ስለዚህ የመርጫውን አፍ ወደ ላይ አዙረን፣ ጎንበስ ብለን፣ ቅጠሉን ከሥሩ ነው የምንረጨው። ግፊቱ ጠንከር ማለት አለበት። በደንብ ሲገባ ቅጠሉ ላይ ውሃ የጠጣ ጠቆር ያለ ነጥብ ነጥብ ታያላችሁ፤ ፀሐይ ሲወጣ ይጠፋል። ያን ካላያችሁ አልገባም። ከላይ ከላይ የተረጨ ቅጠል አብረቅርቆ ታጥቧል እንጂ አልተፈተነም። አብራኝ ትሠራ የነበረች የመስክ ረዳት በዚህ ሥራ የሚወዳደራት አላየሁም። እያንዳንዱን ቅጠል በግራ እጇ መዳፍ ላይ ገልብጣ፣ እንደ ሕፃን ፊት ይዛ ነበር የምትረጨው። የእሷ መደብ ላይ ያመለጠ ተክል አይገኝም ነበር።

ሌላው ነገር ጥንቃቄ ነው። የፈተናው መደብ ከዘር ማባዣው መራቅ አለበት። ከዚያ ወጥታችሁ በዚያው ጫማና በዚያው እጅ ጤነኛ ማሳ አትግቡ። ቅጠሉ እርጥብ እያለ በመስመሮቹ መካከል አትመላለሱ። የምትረጩትም የአካባቢውን ባክቴሪያ ብቻ ይሁን፤ ካልነበረበት ቦታ የመጣ ባክቴሪያ ማሳ ላይ አይለቀቅም።

ከዚያ መጠበቅ ነው። ሙቀቱ ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድና ከዚያ በላይ ከሆነ፣ እርጥበቱም ካለ፣ በሁለት ሳምንት ገደማ ይለያል። አሁን ወደ ቅጠሎቻችሁ እንመለስ። ትኩስ ሳሉ ብትይዟቸው ኖሮ ይበልጥ ይታያችሁ ነበር። የታመመውን ወደ ፀሐይ ብታነሱት ነጠብጣቡ ዘይት የነካው ወረቀት ይመስል ብርሃን ያሳልፋል። ያ ማለት ባክቴሪያው ውስጥ እየተባዛ ነው። የሁለተኛው ምልክት ግን ደረቅ ነው፤ ብርሃን አያሳልፍም። እዚያ ባክቴሪያው አልተባዛም። ተክሉ ጠላት የገባባትን ጎጆ አቃጥሎ መንደሩን አድኗል። በባክቴሪያው ዙሪያ ያሉትን ጥቂት ሴሎች ራሱ ገድሎ መንገድ ዘጋበት። ስለዚህ "ነጠብጣብ አለ ወይስ የለም?" ብቻ ብላችሁ አትቁጠሩ። ምን ዓይነት ነው ብላችሁ ጠይቁ። እኛ ከ0 እስከ 4 ነጥብ እንሰጥ ነበር፤ በየአገሩ ይለያያል። ቅጠሉን፣ ግንዱን፣ ፍሬውን ለየብቻ መዝግቡ። ክብ ሆኖ ቀለበት በቀለበት የተደረበ ነጠብጣብ ካያችሁ ደግሞ ያ አልተርናሪያ የሚባለው ፈንገስ ነው፤ ከብላይት ጋር አትደምሩት።

አንድ ጊዜ ደግሞ ፈተናው ሌላ ነገር ገለጠልኝ። ከአንድ መዳመጫ የመጣ ዘር ነበር። ጆንያው ላይ የአንድ ዝርያ ስም ተጽፏል። ዘርቼ፣ ረጭቼ፣ በሁለት ሳምንት ስመለስ አንዱ ተክል ንጹሕ ነው፤ ከጎኑ ያለው ጠቁሯል። ቀጥሎ ንጹሕ፤ ቀጥሎ የጠቆረ። ሁሉም በእኩል ነው የተረጩት። ጆንያው ውስጥ የነበረው ዝርያ አንድ አልነበረም ማለት ነው። ከየማሳው የመጣ ጥጥ በአንድ ማሽን ሲዳመጥ ዘሩ ይደባለቃል፤ ከዚያ በአንድ ስም ይከፋፈላል። ገበሬው ግን "ይቋቋማል ያላችሁት ዝርያ ታመመብኝ" ነው የሚለው። ልክ ነው። እጁ ላይ ያለው እኛ የፈተንነው አይደለም።

ስለ ስም ካነሳን፣ አገራችን ውስጥ የቆዩት ዝርያዎች ከየት እንደመጡ እዩ። አካላ ኤስጄ-2 የካሊፎርኒያ ነው፤ ኤስጄ የሳን ዋኪን ሸለቆ ነው፤ በጋውን ሙሉ ዝናብ የማያይ አገር። ዴልታፓይን-90 የአሜሪካ ነው። ስታም-59ኤ የቶጎ ነው። እያንዳንዱ የተመረጠው በየአገሩ ጠላት ፊት ነው። አንድ ዝርያ ካሊፎርኒያ ላይ ብላይት ካላየ፣ የእኛ አዋሽ ላይም በቦይ መስኖ ብዙ ላይቸገር ይችላል። መተማና ሁመራ በክረምት ዝናብ፣ ጋምቤላ በዚያ እርጥበት ግን ሌላ ጥያቄ ነው። አዋሽ፣ ወረር ላይ ያገኘነውን ነጥብ መተማ ላይ ሳንደግም መናገር የለብንም የምለው ለዚህ ነው። እ.ኤ.አ. በ2018 የተፈቀዱት ሁለቱ የቢቲ (በጂን ምሕንድስና የተሠሩ) ጥጥ ዲቃላዎችም ላይ ግራ የተጋባ ሰው አጋጥሞኛል። የቢቲ ጂን የሚከላከለው ትልን ነው። ከብላይት ጋር የሚያገናኘው ነገር የለም። "ተቋቋሚ" የሚል ቃል ስትሰሙ "ምንን?" ብላችሁ ጠይቁ።

አንዴ የተፈተነ ዝርያም ለዘላለም ተፈትኗል ማለት አይደለም። ባክቴሪያው ይለወጣል። ዓይነቶቹን ሬስ እንላቸዋለን፤ የሚለዩትም የተለያየ የመቋቋም ጂን ባላቸው አሥር የጥጥ ዝርያዎች ላይ በመርጨት ነው። የትኛውን አሳመመ፣ የትኛውን አልቻለም? ከዚያ ቁጥሩ ይሰጠዋል። ለብዙ ጊዜ በዓለም ላይ ጎልቶ የታየው ሬስ 18 ነው። 101-102ቢ የሚባለው ዝርያ ለሁሉም የጸና ይመስል ነበር። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ መጀመሪያ ግን ከቡርኪናፋሶና ከሱዳን የተሰበሰበ ባክቴሪያ አሥሩንም አሳመመ። ሬስ 20 ተባለ። አፍሪካ ውስጥ የተገኘ ኤስ 295 የሚባል ዝርያ ነው የጸናበት። እንግዲህ አስቡት፤ መተማ ዮሐንስን ከሱዳኑ ጋላባት የሚለየው አንድ ድልድይ ነው። ከዚያ አካባቢ የተሰበሰበ ቅጠል በየጊዜው ሳይመረመር፣ ድሮ ባስቀመጥነው ባክቴሪያ ብቻ እየረጨን "ተቋቋሚ" ብንል ትናንትን ነው የፈተንነው።

አሜሪካኖችም ይህን አይተውታል። አሲድ ያጠበው ዘርና ተቋቋሚ ዝርያ በሽታውን ለረጅም ጊዜ አዳክሞት ነበር። ብዙ ሰው ረሳው። ገበሬው ዝርያ ሲመርጥ ምርቱንና ጭረቱን እንጂ ብላይትን አይጠይቅም ነበር። እ.ኤ.አ. በ2011 ሚሲሲፒና አርካንሶ ላይ ተመልሶ መጣ። በስፋት ይዘሩ ከነበሩት ዝርያዎች ብዙዎቹ ተጋላጭ ሆነው ተገኙ። በሌላ በኩል አውስትራሊያ አለች። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ጀምሮ ለገበሬ የሚወጡ ዝርያዎቻቸው ብላይትን የሚቋቋሙ እንዲሆኑ ሠሩ፤ በሽታው ከማሳቸው ጠፋ ማለት ይቻላል። ፈተናውን ግን አላቆሙም።

እናንተ ነገ ወደየወረዳው ትሄዳላችሁ። አንድ ነገር ልለምናችሁ። ማዕዘን ያለው ነጠብጣብ ባያችሁ ቁጥር አምስት ስድስት ቅጠል ቁረጡ። ላስቲክ ውስጥ አትክተቱት፤ ያልበውና ይበሰብሳል። በጋዜጣ መሃል አድርጋችሁ አድርቁና በወረቀት ፖስታ ላኩልኝ። ፖስታው ላይ ቀበሌውን፣ ቀኑን፣ ዘሩ ከየት እንደመጣና ገበሬው ዝርያውን ምን ብሎ እንደሚጠራው ጻፉ። በእርሳስ ይሁን። እስኪርቢቶ እርጥበት ሲነካው ይለቃል።